ትንፋሽ የሳብሽበት ቦታ

ሆሊውድ፣ ማርች 3 ቀን 1938

ለእትዬ ኦልዌን፣

ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ሦስቱም። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። አንቺን ከረሳሁ ስሜንም እረሳለሁ። ስሜን በርግጥ አስረስተውኛል፤ እዚህ ኬሪ ፕሮሰር የሚባል ሰው የለም። ክላሪስ ቬርን ነኝ። የመልበሻ ክፍሌ በር ላይ የተጻፈው እሱ ነው፣ ባሌ ሃርላንም ሲቆጣ ሳይቀር በእሱ ነው የሚጠራኝ።

ጋዜጣ ላይ ያየሽው እውነት ነው ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ዲሴምበር ላይ ከፈረስ ወድቄ ነበር። ለገና ያልመጣሁትም ለዚህ ነው። አሥር ቀን ተኛሁ፤ የስቱዲዮው ሐኪም እየመጣ መርፌ ወጋኝ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ካሜራ ፊት ቆምኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ለሦስት ሳምንት የጋገርሽው የዘቢብ ቂጣ ለጎረቤት መከፋፈሉን ሰምቼ አለቀስኩ።

የሃርላን ጠባይ እንዴት ነው ላልሽው፣ እንግዲህ ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተር ሳይጮህ ሁለት መቶ ሰው ማሠራት አይችልም። ባለፈው ሳምንት የኦርኬስትራውን መሪ በኖታ ማስቀመጫው ብረት ግንባሩን ብሎት ሁላችንም ሳቅን። ሰውየውም ደሙን እየጠረገ ሳቀ።

እየሮጥሽ፣ ጀልባ እየቀዘፍሽ እንዴት ትዘፍኛለሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አልዘፍንም! መጀመሪያ ድምፁን በዝግ ክፍል እንቀርጻለን። ከሳምንታት በኋላ ካሜራ ፊት ስንቆም የገዛ ድምፃችንን በትልቅ ማጉያ ይለቁብናል፤ እኛ አፋችንን ብቻ ከሱ ጋር እናስኬዳለን። ሰው ችግሩ ከንፈር ይመስለዋል፤ ችግሩ ትንፋሽ ነው። ስትቀርጪ የተነፈስሽበት ቦታ ላይ ደረትሽ ካልተነሳ ውሸቱ ይታወቃል። በዚህ ግን እኔን የሚያህል የለም። ጸሎት ቤት ጓሮ አቁመሽ ሆዴን በጣትሽ እየጫንሽ ያስቆጠርሽኝ ቁጥር ሁሉ እዚህ እንጀራ ሆነኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ልብስ ክፍል ሬፉጂዮ የምትባል የሜክሲኮ ሴት አለች፤ ሁሉን የምትሰፋልኝ እሷ ናት። የሠራሽልኝን ዳንቴል ኮሌታዬ ላይ አይታ፣ «ይሄን የሠራ እጅ ይባረክ» አለችኝ። በእሷ ስም ትንሽ ዳንቴል ብትልኪላት ደስ ይላታል። ለልብስ ክፍል የሚላክ ዕቃ ወደ ቤቴ አይመጣም፤ በቀጥታ እሷ እጅ ነው የሚገባው።

ፊልሙ በሜይ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። እይልኝና ንገሪኝ።

ታናሽሽ ኬሪ


ስክራንተን፣ ሜይ 16 ቀን 1938

ኬሪዬ፣

ክላሪስ የምትባል እህት የለችኝም፤ ስለዚህ ኬሪ ብዬ ነው የምጽፈው። ያልወደደው አያንብበው።

ፊልምሽ መጣ። መዘምራኑን በሙሉ ይዤ ገባሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ሴት አንድ ረድፍ ሞላን። ሚስስ ፒው ከረሜላዋን እያቆረጠመች፣ «እኔ አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ! እዩዋት!» እያለች ሲኒማ ቤቱን በጠበጠችው። ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!» አላት። «የራሴን ልጅ ባይ አንተ ምን ቤት ነህ? ሂድና የራስህን እይ!» አለችው። በጣም ሳቅን። ጀልባዋ ላይ ሆነሽ የወንዙን ዘፈን እስክትጀምሪ ድረስ ሳቅን።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። በሦስተኛውም ቀን ገባሁ። ለማረጋገጥ ነው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፅሽ በአንድ ትንፋሽ አሥራ አንድ ይቆጥራል። እንዳስተማርኩሽ ነው፤ እግዜር ይስጥሽ። ደረትሽ ግን ስድስት ላይ ተነሳ። ድምፁ እየሄደ አንቺ አየር ፍለጋ ቀረሽ። የተነሳውም ደረትሽ አልነበረም፤ ግራ ትከሻሽ ነው። ሌላ ሰው አላየውም፤ የሚያየው ሁሉ የሚያየው ጥርስሽን ነው።

በግራ ትከሻው የሚተነፍስ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። እሱም እኔ ነኝ፤ በ1919 ክረምት፣ አባባ በአካፋ እጀታ ጎኔን ከሰበረኝ በኋላ። ስምንት ዓመትሽ ነበር። «እትዬ፣ ለምን እንደ ወፍ ትተነፍሻለሽ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄ ምን ዓይነት ፈረስ ነው? ከብብት በታች መርጦ የሚመታ? ፊትሽ የሚሸጥ መሆኑን አውቆ ፊት የማይነካ? እንዲህ ያለ ብልህ ፈረስ እኛ አገር የለም።

መልሱን እጠብቃለሁ። ምግብ አልበላ ብሎኛል።

ኦልዌን


ሆሊውድ፣ ጁን 2 ቀን 1938

ውድ ኦልዌን፣

በጽሕፈት መኪና የምጽፍልሽ እጄ ስለደከመ ነው። ሃርላን አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሰላም ብሎሻል። ደብዳቤሽን ቁርስ ላይ ለእንግዶቻችን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «እንግዲህ ፈረስ አደረገችኝ!» አለና ሁሉም ሳቁ። ዓይንሽን በጣም አድንቋል። «እንዲህ ያለ ዓይን ካላት መጥታ ለምን አብራን አትሠራም?» ብሏል። ሁለተኛ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንዳትጽፊ ይለምንሻል፤ ሰው ቢያነበው ለሁላችንም መልካም አይደለም።

ያየሽው ድካም ነው። ያን ቀን አንዱን ትዕይንት ሃያ ሁለት ጊዜ ነው የደጋገምነው። ሌላ ምንም የለም። ደስተኛ ነኝ። ቤታችን ትልቅ ነው። የሎሚ ዛፎቹ አብበዋል።

ለሚስስ ፒው ሰላም በይልኝ። እሑድ ዕለት መዝሙር ቁጥር 41ን ዘምሩልኝ። በጣም ናፍቆኛል።

ክላሪስ


ስክራንተን፣ ጁን 11 ቀን 1938

ኬሪዬ፣ የኔ ልጅ፣

ይህን ደብዳቤ ዳንቴሉ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። እጅሽ ከገባ ሬፉጂዮ የታመነች ሴት ናት ማለት ነው፤ እግሯን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ለመዘምራኑ አነበብኩላቸው። ስለ ሎሚው ዛፍ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ቁጥር 41 ስል ሚስስ ፒው ከረሜላዋን መሐረቧ ላይ ተፋች። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጥር 41 የሚዘመረው የከሰሉ ጉድጓድ ተደርምሶ ሬሳ ሲወጣ ብቻ ነው። ማንም ናፍቆት አስዘምሮት አያውቅም። «ታዲያ ለማን ልንዘምር ነው?» አለች ሚስስ ፒው፤ ከዚያ ራሷ አለቀሰች። አልዘመርነውም። በሕይወት ላለ ሰው አይዘመርም አልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። እማማን በቀበርን ዕለት፣ አባባ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወድቆ የሞተው እንዴት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰክሮ ነበር አልኩሽ። ሰክሮ ነበር። እኔም ከኋላው ነበርኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ይህንንም አንብበሽ አቃጥዪው።

የምነግርሽ እንድታደርጊው አይደለም። እንዳታደርጊው ነው። አባባ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ብቻዬን ቆሜ ዘምሬ አላውቅም። ዙሪያዬን ሌሎች ካልዘመሩ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሰው «ኦልዌን ትሑት ናት» ይላል። ምን ትሕትና አለ? ፍርሃት ነው። እሱ ሞቶም ትንፋሼን ይዞታል።

ስለዚህ አትንኪው፣ አትሰዳደቢው፣ አትሰናበቺው፣ ዝም ብለሽ ውጪ። በለበስሽው ልብስ ውጪ። የባቡሩ ቲኬት ዳንቴሉ መሐል አለ። ቀኑን ብቻ ላኪልኝ።

ኦልዌን


ሆሊውድ፣ ጁን 20 ቀን 1938

እትዬ፣

ልብስ ክፍል ውስጥ፣ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ጀርባ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። ሬፉጂዮ መርፌዎቿን አፏ ውስጥ ይዛ በር ትጠብቃለች። ሰው ከመጣ ታስላለች።

ስለ ደረጃው አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቅ ነበር። መተላለፊያው ላይ ነበርኩ፤ እጅሽን አይቻለሁ። ቀብሩ ላይ የጠየቅሁሽ ራስሽ እንድትነግሪኝ ፈልጌ ነው። ትንፋሼን እንደዚያ የያዝኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ነው። እዚህ ሰዎች አሥራ አንድ መቁጠሬን ያደንቃሉ፤ ያን ዕለት ስንት እንደቆጠርኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

መቼ ጀመረ ብትይኝ፣ በተጋባን በአሥረኛው ቀን። በምን ብትይኝ፣ በእጁ፣ በቀበቶ፣ ዲሴምበር ላይ በቢሊያርድ እንጨት። እንጨቱ ተሰበረ፤ እሱንም «ውድ ዕቃ አሰበርሽኝ» ብሎ ተቆጣኝ። ማን ያውቃል ብትይኝ፣ ሁሉም ያውቃል። መርፌ የሚወጋኝ ሐኪም ያውቃል። ፈረሱን የፈጠረው የስቱዲዮው ማስታወቂያ ክፍል ነው፤ የፈረሱን ቀለም ሳይቀር ጽፎ ለጋዜጣ ሰጠ። እኔ በሕይወቴ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ እትዬ።

አሁን አዲስ ነገር አለ፤ ከአንቺ መደበቅ አልፈልግም። ባለፈው ማክሰኞ እጁን አንገቴ ላይ አደረገ። አንገቴን ነክቶኝ አያውቅም ነበር፤ የሥራ ዕቃ ነዋ። ጠበቅ አደረገና፣ «ይሄ የማነው?» አለኝ። «ያንተ» አልኩት። ለቀቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ የአንገቴን የደም ሥር ስዳብስ አደርኩ።

ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ ትይኛለሽ። ሐሙስ የአዲሱን ፊልም ትልቁን ዘፈን እንቀርጻለን። ሃያ ሰባት ዓመት የኖርኩት ለዚያ ዘፈን ይመስለኛል። ድምፄ አንዴ እዚያ መቅረጫ ሳጥን ውስጥ ከገባ ሃርላን አይደርስበትም። አንገቴን ቢሰብረው እንኳ ድምፄ ውጭ ይቀራል። እባክሽ ተረጂኝ። ሐሙስ ልቅረጽ፤ ዓርብ በጠዋቱ ባቡር እወጣለሁ። ሬፉጂዮ እያሳለች ነው።

ኬሪ


ስክራንተን፣ ጁን 22 ቀን 1938

ኬሪ፣

ይህ ሳይደርስሽ ሐሙስ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ካልጻፍኩ ልቤ ይፈነዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማሽም? ድምፅ ከአንገት ይወጣል እንጂ አንገት ከድምፅ አይወጣም! ምን አባቱ የሚሉት ሳጥን ነው? እኔ ሳጥን አላሳደግሁም። ያሳደግሁት ልጅ ነው። ዘፈኑን ተይው፤ ሌላ ይዝፈነው፤ አንቺ ብቻ አንገትሽን ይዘሽልኝ ነይ።

ከአባባ አካፋ ፊት የቆምኩት አንቺን ለዚህ ሰው ላቆይለት ነው እንዴ?

ይቅርታ። ተናድጄ ነው። ዓርብ ከወጣሽ ሰኞ እዚህ ነሽ። ከጠዋት ጀምሬ ጣቢያው ላይ እጠብቅሻለሁ።

ኦልዌን


ቦይል ሃይትስ፣ ከሬፉጂዮ ቤት፣ ጁላይ 19 ቀን 1938

እትዬ፣

ሰኞንም፣ ማክሰኞንም፣ ረቡዕንም ጣቢያው ላይ መዋልሽን ከቴሌግራምሽ ተረዳሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል አይበቃም፤ ግን ሌላ የለኝም።

ለምን ስልክ አትደውይም ላልሽው፣ መናገር አልችልም። እርሳስ በክር አንገቴ ላይ ታስሮ ነው የምውለው።

ሐሙስ ቀረጽን። እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም። ሙዚቀኞቹ ቆመው አጨበጨቡልኝ። ዓርብ ጠዋት ሃርላን ሻንጣዬ ውስጥ ቲኬትሽን አገኘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልሽም። አንቺም ስለ ደረጃው ሁሉን አልጻፍሽልኝም።

ሰኞ ሐኪሙ መጣ። በመብራት ጉሮሮዬን አየና፣ «መናገር ምናልባት። መዝፈን ግን አበቃ» አለና ቦርሳውን ዘጋ። ሃርላን መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲጋራ እያጨሰ ነበር።

«ፊቷስ?» አለ።

«ፊቷ ደህና ነው።»

«ድምፁ ተቀርጿል። እንግዲያው ሥራ እንቀጥላለን።»

እኔ እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ፣ እትዬ። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ጁላይ 1፣ ዓርብ ዕለት፣ የሠርጉን ትዕይንት ለማንሳት ወሰዱኝ። ሦስት መቶ ሰው፣ ነጭ ምንጣፍ፣ ነጭ አበባ። ሬፉጂዮ የአንቺን ዳንቴል እስከ አገጬ ድረስ ኮሌታ አድርጋ ሰፋችው። ሁልጊዜ በሁለት ድርብ ክር ነው የምትሰፋው። ያን ቀን በአንድ ቀጭን ክር ብቻ አያያዘችው። አላዘዝኳትም፤ እሷም ምንም አላለችኝም።

ድምፄን ለቀቁት። ሐሙስ የዘፈንኩት እኔው ራሴ፣ ከላይ፣ እንደ ደወል። አፌን ከሱ ጋር አስኬድኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሃርላን፣ «ተንፍሺ! እዚህ ጋ ተንፍሺ እንጂ፣ ግንድ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያኔ አፌን ዘጋሁ። እጄን ወደ አንገቴ ሰድጄ ኮሌታውን ሳብኩት፤ ክሩ ተበጠሰ።

አሥሩም ጣቶቹ አንገቴ ላይ ነበሩ፤ አረንጓዴና ቢጫ ሆነው። አፌን ዘግቼ ቆሜአለሁ፤ ድምፄ ግን መዝፈኑን ቀጥሏል።

እዚህ ደንብ አለ። ዳይሬክተሩ «በቃ!» ካላለ ካሜራ አይቆምም፤ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ሃርላን ቃል አልወጣውም። ስለዚህ ካሜራው ቀጠለ፣ እኔም ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆምኩ። አንዲት አጃቢ ጮኸች። ከዚያ ከላይ መብራት የሚይዘው ሰውዬ፣ ትልቅ መፍቻ በእጁ ይዞ፣ ቀስ እያለ መሰላሉን ወረደ። የኦርኬስትራው መሪም፣ ያ ደሙን እየጠረገ የሳቀው፣ የኖታ ማስቀመጫውን ብረት አነሳ። ማን ቀድሞ እንደመታው አላየሁም። አጥንት ሲሰበር ግን አውቃለሁ፤ ድምፁን ለምጄዋለሁ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው። ሲያልቅ ሃርላን ነጩ ምንጣፍ ላይ ተዘርሯል፤ ጥርሶቹ አጠገቡ ነበሩ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅሽም።

ሬፉጂዮ ካፖርቷን አልብሳ በልብስ ክፍሉ በር አወጣችኝ። ስትጠየቅ፣ «ክር ነው፣ ይበጠሳል» አለቻቸው። አላባረሯትም።

በማግስቱ ጋዜጣው ምን ብሎ ወጣ መሰለሽ? «ታዋቂው ዳይሬክተር ሃርላን ስቶድ ከፈረስ ወደቀ።» የፈረሱ ቀለም እንኳ ያው ነው። ሳቅሁ። ያለ ድምፅ መሳቅ በጣም ያማል።

አሁን አልመጣም። የጉሮሮ ሐኪም አግኝተናል፤ እስከ ጸደይ ድረስ ያየኛል። ቀን ቀን ከሬፉጂዮ እናት ጋር እሰፋለሁ። አትምጪ፤ ስታዪኝ እንዳታለቅሺ ትንሽ ልዳን።

ኬሪ


ስክራንተን፣ ማርች 13 ቀን 1939

ኬሪዬ፣

ሹክሹክታ መጀመርሽን ሰምቼ ደብዳቤውን ለሚስስ ፒው አምስት ጊዜ አነበብኩላት። «ሹክሹክታ ለሐሜት ይበቃል፤ ሐሜት ካለ ደግሞ ሰው ሙሉ ነው» አለች። ክፍልሽን ቀለም ቀብተነዋል። ድምፅ ሳይኖረኝ መዘምራን መሐል ምን እሠራለሁ ላልሽው፣ ከአጠገቤ ትቆሚና ትቆጥሪልኛለሽ። እሑድ ዕለት ብቻዬን ዘመርኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ። አንቺ አይተሽኝ ዝም ማለትሽን ካወቅሁ ወዲህ ጉሮሮዬ ተከፍቷል። አላማረም፤ ግን ወጣ።

ሌላም የምነግርሽ አለ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ፊልሙ መጣ። ስምሽ የትም የለም። አይዳ ሊንድ የምትባል ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ በአንቺ ቦታ አቁመው እንደገና አንስተውታል። አፏን ስትከፍት አንቺ ወጣሽ። ሚስስ ፒው ብድግ ብላ፣ «ሌባ! የልጄን ድምፅ መልሺ!» ብላ ጮኸች፤ ሁላችንንም አስወጡን። ሕዝቡ ተሳሳቀብን።

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁ። ልማዴን ታውቂዋለሽ። ቆጠርኩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ የተነፈስሽበት ቦታ ሁሉ ላይ ተነፈሰች። የሠርጉ ዘፈን ላይ ስትደርስ ግን፣ ድምፅሽ እየሄደ፣ ስድስት ላይ፣ ግራ ትከሻዋ ተነሳ።

ጋዜጣው ላይ አየሁት። ከፈረስ ወድቆ የዳነው ዳይሬክተር፣ አንቺን ፈትቶ፣ ሊያገባት ነው።

ተናድጄባት ነበር፣ ኬሪ። ያንቺን ድምፅ እንደ ጫማ የተጫማች መስሎኝ ነበር። ያን ትከሻ ካየሁ በኋላ ግን ቤቴ ገብቼ ዳንቴል ጀመርኩ። ትናንት በሬፉጂዮ ስም ልኬዋለሁ፤ ለልጅቷ ትስጥልኝ። መሐሉ ላይ የሬፉጂዮን አድራሻ፣ «በለበስሽው ልብስ ውጪ» የሚል ቃልና አንድ ጥያቄ ብቻ ሰፍቼበታለሁ፤ ፈረስ መጋለብ ትችያለሽ ወይ የሚል።

ቅዳሜ ኤፕሪል 1 ጣቢያው ላይ ነኝ። እንደ ባለፈው እንዳታደርጊኝ።

ኦልዌን


ቦይል ሃይትስ፣ ማርች 28 ቀን 1939

እትዬ፣

አትቆጪ። ጉዞዬን ለሦስት ቀን አዘግይቼዋለሁ። ቅዳሜ አትውጪ፤ ማክሰኞ ነው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ልጅቷ ናት። ዳንቴልሽን አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች። ሬፉጂዮ ባቄላ አቀረበችላት፤ ስትቀመጥ በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው የተደገፈችው። እኔ በሹክሹክታ አወራኋት፤ እሷም ድምፅ ያላት ልጅ ሆና ሳለ በሹክሹክታ መለሰችልኝ። ሠርጉ ለፊታችን እሑድ ነበር። «በለበስኩት ልብስ ነው የወጣሁት» አለችኝ፤ ማን እንደመከራት አውቄያለሁ ብዬ አቀፍኳት። ቀስ ብዬ ነው ያቀፍኳት።

አልጋውን አስፊው፤ ሁለት ሆነን እንመጣለን። ሚስስ ፒው ሌባ እንዳትላት አደራ።

ለጥያቄሽ መልሷን እንዳደርስላት ነግራኛለች፤ በሕይወቷ ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ኬሪ